አቶ ወንድምአገኘሁ ገብሬ፦ ከደጋን እስከ ሆጤ

አቶ ወንድምአገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ ገብሬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሥርጉት በ1952 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ተወለዱ። ቤቱ በሴት በሴት ሆኖ ኖሮ እርሳቸው ሲመጡ ስም ያወጣችላቸው ታላቅ እህታቸው ሙሉመቤት ናት። ይህን ያስጻፈችውም እርሷ ናት። ፊደል ባትቆጥርም የተናገረችው እንዳይለዝብ ጸሐፊውን አስጠንቅቃለች።

ደሴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ በረዳትነት ሲንከራተቱ ቆይተው በ1974 መንጃ ፈቃድ አወጡ። በ1979 ወ/ሮ ዘውድነሽን አግብተው አሞጽንና አቢጌልን ወለዱ። ጌታን ካገኙ ወዲህ መጠጥ ባፋቸው አልዞረም። በ1998 የራሳቸውን አይሱዙ ገዙ። ከልጆቻቸው ይልቅ መኪናዋን አዘውትረው ያጥቡ ነበር፤ ልጆቹም አይክዱም።

በ2015 የጭነት ማኅበራቸው የመንገድ ክፍያ በተሄደበት ኪሎ ሜትር ልክ ይሁን ብሎ በየመኪናው ጂፒኤስ አሰረ። መኪናው የተበላሸበት ሰው ለማኅበሩ ያስታውቃል፤ እስኪጠገን አይከፍልም፣ ተራም አይዝም። በ2016 ኅዳር የእርሳቸው መኪና ደጋን ላይ ካምቢዮ ሰበረች። ደውለው አስታወቁ። ከዚያ የማኅበሩ አባል የሆነው ሾፌር ጀሚል በራሱ መኪና በገመድ አስሮ ኮምቦልቻ ጋራዥ አደረሳቸው። መሣሪያው ግን መጎተትና መንዳት አይለይም፤ መንገዱን ሁሉ ቆጥሮት ኖሯል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አግማስ፣ ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ ነጠላውን አዘቅዝቆ የተቀመጠው አግማስ፣ በአባላት ፊት አቆማቸው። «ተበላሸች ብለህ በስውር ጭነሃል። መኪና ካልነዱት አይሄድም!» አላቸው። ጀሚል ተነሥቶ «ወላሂ እኔ ነኝ የጎተትኳቸው፣ በገዛ ገመዴ!» ቢል፣ «ገመድ በመሣሪያ አይታይም» ብሎ አስቀመጠው። አርባ ዓመት የሰው ዕቃ ሳያጎድሉ ያደረሱትን ሰው «ሌባ» ብሎ ከተራ አስወጣቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ መሐል አንገታቸውን ሰብረው ሄዱ።

ጌታ ግን አይተኛም። በዓመቱ የአግማስ መኪና ባዶዋን ስትመለስ እዚያው ደጋን ላይ ቆመች። እርሱም እንደ ደንቡ ተበላሽታለች ብሎ አስታወቀ። በመንገዱ ያለፈ ወዳጅ አልነበረውም፤ የደረሱት አቶ ወንድምአገኘሁ ናቸው። «ወንድሜ፣ እስከ ጋራዥ ብቻ» አላቸው። ያን ዕለት ወንድም ሆኑ! ገመድ አውጥተው አሰሩለት። ኮምቦልቻ ጋራዡ በር ሲደርሱ አልቆሙም። አግማስ ከኋላ ጥሩምባ እየነፋ፣ እርሳቸው ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው እጃቸውን በመስኮት እያውለበለቡ፣ ዳገቱን ወጥተው ደሴ ሆጤ፣ ቤቱ ደጅ ላይ ፈቱት። «ቤትዎ አደረስኩዎ፣ ጌታዬ» ብለውት ሄዱ።

በማኅበሩ ስብሰባ የመሣሪያው መዝገብ ሲነበብ የአግማስ «የተበላሸች» መኪና ደሴ ድረስ ስትወጣ ታየች። «ተጎትቼ ነው!» ብሎ ጮኸ። አቶ ወንድምአገኘሁም ተነሥተው «ገመድ በመሣሪያ አይታይም» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አግማስ ከወንበሩ ወረደ፣ እርሳቸው ወደ ተራቸው ተመለሱ። «ሌባ» ያለውን ቃል ግን በሰው ፊት አነሣለሁ እያለ ሳያነሣ ቀረ። በጉበት ሕመም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተውም «አግማስ መጣ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አልመጣም። ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሀሴትንና እህታቸውን ትተዋል። ጎታችና ተጎታችን ለይቶ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበል።

አስከሬናቸውን የሚወስደው ያው አይሱዙ ነው። ከዚህ ንባብ በኋላ ተናጋሪው አቶ አግማስ ነው፤ ስሙ በመርሐ ግብሩ ታትሟል። ቃሉን በሰው ሁሉ ፊት እስኪያነሣ ድረስ ቀብር የለም። ዛሬ የሚነዳው ጀሚል ቁልፉን ለሙሉመቤት አስረክቧል፤ መኪና ደግሞ ካልነዱት አይሄድም።