አምቡላንሳችንን ስለ በላው ጥምረት ለክቡር አስተዳዳሪያችን

ለክቡር ዶክተር ፎልክማር ዚብራንድ
የሃርለባህ ወረዳ አስተዳዳሪ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ባለፈው ዓመት አንድ ብቻ የነበሩትና ዛሬ በጥምረቱ በረከት አራት የሆኑት ምክትሎችዎም በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። አምቡላንስ ከሩቅ በሚጠራበት ወረዳ ለሹማምንት ጤና መመኘት የጨዋ ሰው ግዴታ ነው።

በእኛ ዘንድ አዲስ አስተዳደር መቶ ቀን ሳይሞላው አይነቀፍም የሚል ያልተጻፈ ሕግ እንዳለ ያውቃሉ። እኔም ሕግ አክባሪ ሴት በመሆኔ መቶውንም ቀን ምላሴን ይዤ ቆይቻለሁ። ዛሬ መቶ አንደኛው ቀን ነው።

ጌርሊንደ ሆልትካምፕ እባላለሁ። ስሜን ቢረሱት እንኳ የፖም ኬኬን አይረሱትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሦስት ቁራሽ በልተዋልና። በቬንደሮዴ መንደር፣ በእሳት አደጋ ጓድ አዳራሽ ውስጥ በሚከፈተው የምርጫ ጣቢያ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የድምፅ ቆጠራ መርቻለሁ። ባለቤቴ ዊንፍሪድ ጣራ ሠሪ ነበር፤ የፓርቲዎ አባል ከሆነ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። እኔ ያገባሁት አባሉን እንጂ ፓርቲውን ስላልሆነ የአባልነት ደብተር የለኝም።

ያሉኝ ቅሬታዎች ጥቂት ናቸው። ጊዜዎ ውድ እንደሆነ ስለማውቅ በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡን ተስፋ አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የመንደራችን የአምቡላንስ ጣቢያ «ለሙከራ ያህል» ከኮረብታው ማዶ ወደ አልትፌልደን ሲዛወር፣ የሀገር ቤት ዝርዝር የሚባለው የምርጫ ቡድን ሰዎች በምክር ቤት ተነሥተው «ሽማግሌ ብቻ ለቀረበት መንደር አምቡላንስ ማቆም ቅንጦት ነው» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። እርስዎ በመጋቢት ወር ለቅስቀሳ ወጥ ቤታችን ሲመጡ በዚህ ንግግር በጣም ተቆጥተው ነበር። ቁጣዎ ያምርብዎታል፤ ይህን በቅንነት ነው የምለው።

«ወይዘሮ ሆልትካምፕ፣ ጣቢያውን ካልመለስኩ ዓይኔን እንዳያዩት!» አሉኝ። «ከነዚያ ሰዎች ጋርማ አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም። ከፈለጉ ይጻፉት።»

ዊንፍሪድ ሳቀና «እሷ መጻፍ አትወድም ዶክተር፣ መቁጠር ነው ሥራዋ» አለዎት። እርስዎም ሳቁ፤ ሹካዎን አንሥተው ወደ ሦስተኛው ቁራሽ ተሻገሩ። በሳምንቱ ባለቤቴ በስልሳ ስምንት ዓመቱ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣና፣ «እርዳታ ወደ ቬንደሮዴ ይመለሳል» የሚለውን ፖስተር ከፎቶግራፍዎ ጋር በየመብራት ምሰሶው ላይ ሰቀለ።

ሁለተኛ፣ ፖስተር በምርጫው ማግስት ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ እንዲነሣ ስለሚያስገድደው ደንባችን። ደንቡን አልቃወምም። ከምርጫው በኋላ ባለው ቅዳሜ ወጣቶቹ አባሎቻችሁ ድል በማክበራቸው ደክሟቸው ስለነበር፣ ማንሣቱ እንደ መስቀሉ ለዊንፍሪድ ተተወ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ መሰላሉን ከታች ይዤ ነበር። ስድስተኛውን አውርዶ ሰጠኝና በዝግታ ወረደ። መንገዱ ዳር ተቀመጠ፤ ቀኝ እጁንም በግራው አንሥቶ እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ ተመለከተው።

«ጌርሊንደ» አለኝ፣ «ይቺ እጅ የኔ አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም፤ ቃል አልነበረምና። አፉ በአንድ ወገን ወርዶ ነበር። ስልክ ደወልኩ። በስልኩ ያነጋገረችኝ ልጅ ደግ ነበረች፤ «በመንገድ ላይ ናቸው የኔ እናት፣ በመንገድ ላይ ናቸው» እያለች አልተለየችኝም። በእርግጥም በመንገድ ላይ ነበሩ፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ሠላሳ አራት ደቂቃ ከባለቤቴ ጋር አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቱን በጉልበቴ ይዤ ቆየሁ። ከተቀመጥንበት ቦታ የድሮው ጣቢያ በር ይታያል። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጣራው ግን አያፈስም፤ ዊንፍሪድ የሠራው ነው።

በኋላ ሐኪሟ ደሙ አንጎሉ ውስጥ ረግቶ መንገድ እንደዘጋ ነገረችኝ። «በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢደርስልን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ፊቴን አይታ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ስለ ድርድሩ። ፓርቲዎ አንደኛ ቢወጣም ብቻውን አብላጫ ስላላገኘ ጥምረት መመሥረት ግድ ነበር፤ ይህ የሕዝብ ፍርድ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ድምፅ የቆጠረች ሴት የሕዝብ ፍርድ አታማርርም። መጀመሪያ የመንደሮች ዝርዝር ከሚባሉት ጋር ተነጋገራችሁ። የእነሱ መቀመጫ አልበቃ ሲል በዘጠነኛው ሳምንት የሀገር ቤት ዝርዝርም እንደ ተጠራ ከጋዜጣ አነበብኩ። ጋዜጠኞቹ እንደ ልማዳቸው ጥምረቱን በሚመስለው ባንዲራ ሊሰይሙት ፈልገው፣ የሦስታችሁን ቀለም፣ ብርቱካን፣ ሐምራዊና ግራጫን፣ ባንድ ላይ የሚያውለበልብ አገር በዓለም ላይ አጡ። ፎቶግራፉ ላይ ግን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበራችሁ። ሁላችሁም ተቀምጣችኋል።

ያን ዕለት ቢሮዎ ደወልኩ፤ እርስዎም በትሕትና መልሰው ደወሉልኝ። ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

«ወይዘሮ ሆልትካምፕ፣ የዊንፍሪድ ነገር ሌሊትና ቀን ይከነክነኛል» አሉኝ። «ግን ይረዱኝ፣ ጥምረት መስጠትና መቀበል ነው።»

«መስጠቱን አይቼዋለሁ ዶክተር» አልኩዎት። «የተቀበልነው የቱ ጋ ነው?»

«የጥምረቱን ውል፣ ገጽ አርባ ሰባትን ያንብቡ» አሉኝ።

አነበብኩ። ሰባ አራቱንም ገጽ አነበብኩ። በገጽ አርባ ሰባት «ጣቢያው ወደ ቬንደሮዴ የሚመለስበትን አስፈላጊነት እንመረምራለን» ይላል። «እንመረምራለን» የሚለው ቃል በመላው ውል ውስጥ ሃምሳ ስምንት ጊዜ ይገኛል። «ይሾማል» የሚለው ደግሞ ሰባት ጊዜ፤ እሱ ግን ከነስምና ከነቀኑ ነው። ሦስቱ አዳዲስ ምክትሎች ሳይመረመሩ ማለፋቸው የአስተዳደርዎን ቅልጥፍና ያሳያል።

የሚቀጥለውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም። በእርስዎ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይሁን በራሴ ላይ ገና አልለየሁትምና።

ውሉ ለአባላት ድምፅ ቀረበ። ፓርቲዎ እኩል ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አንዱ ወገን የሌላውን ቆጣሪ አላምንም ስላለ፣ አባል ያልሆነች የቆጠራ ሊቀ መንበር ተፈለገችና ሁለቱም ወገን እኔን ጠሩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ክብር መስሎኝ እሺ አልኩ።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ዊንፍሪድ ወዳለበት የማገገሚያ ሆስፒታልም መጣለት። በዚያን ጊዜ የቀሩት ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፦ «አዎ»፣ «አይ» እና እዚህ የማልጽፈው አንድ ስድብ። ወረቀቱን በግራ እጁ ሊሞላ ሲጀምር ልርዳህ አልኩት፤ ወደ መስኮቱ እንድዞር በአገጩ አመለከተኝ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ለማን እንደመረጠ አሳይቶኝ አያውቅም። ዞርኩ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት እሰማ ነበር፤ ረጅም ድምፅ ነበረው። ፖስታውን ራሱ በምላሱ አርጥቦ አሸገው።

በነሐሴ ወር በአንድ እሑድ፣ ሃርለባህ ከተማ በአንድ ቢራ ቤት አዳራሽ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። አንዷ ዳቦ ጋጋሪዋ አንትየ ሮቬደር ናት፤ ውሉን ትቃወማለች። ሌላው ጡረታ የወጣው አስተማሪ ዴትሌፍ ኩርሽነር ነው፤ ውሉን ይደግፋል። ቆጥረን ስንጨርስ «አዎ» አንድ መቶ ዘጠኝ፣ «አይ» አንድ መቶ ስምንት ሆነ፤ አንዲት ወረቀት ለብቻዋ ቀረች። በፓርቲዎ ደንብ ድምፅ እኩል ከሆነ ውሉ ይወድቃል።

በወረቀቷ ላይ ያለው ምልክት አንድ ረጅም የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው። «አይ» ከሚለው ክብ ይነሣና ወረቀቱን አቋርጦ «አዎ» ወደሚለው ክብ ገብቶ ይቆማል።

«እዩት እንጂ!» አለች አንትየ። «ከ‹አይ› ነው የጀመረው፤ ቀለሙ እዚያ ጋ ነው የወፈረው። ከዛ እጁ አመለጠው። የታመመ ሰው ነው ባካችሁ!»

«ሁለቱንም ነክቷል አንትየ» አላት ዴትሌፍ፣ እሱም ላብ አጥምቆት። «እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ሁለቱን የነካ ምን ይባላል? ጌርሊንደ፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽን።»

እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ለሃያ ሰባት ዓመት ያህል፣ አዲስ አስፈጻሚ በመጣ ቁጥር፣ «የመራጩን ልብ አንገምትም፤ ወረቀቱን ብቻ እናነባለን» ስል ኖሬአለሁ። አንድ ለአንድ ሆነው ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ። መስመሩን አውቀዋለሁ ክቡር ዶክተር። ብዕሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን አውቀዋለሁ ብል የሰውን ምሥጢር መግለጥ ነው፤ ሳልናገር ለ«አይ» ብቆጥረው ደግሞ ሌብነት ነው። ተነሥቼ ልውጣ ብል ወረቀቷን ለሁለት ለማይስማሙ ሰዎች ትቼ መሸሽ ነው።

«ዋጋ አልባ ድምፅ» አልኩ።

አንትየ እርሳሷን ወረወረች። አዳራሹ ለእርስዎ አጨበጨበ። እርስዎም ወደ መድረኩ ወጥተው «ጠባብ ቢሆንም የጠራ ውጤት» ሲሉ ሰማሁዎት። ውጤቱ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ ለዊንፍሪድ ሁሉንም ነገርኩት። «‹አይ› ለማለት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «አዎ» አለኝ። ከዚያ «አይ» አለ። ከዚያ ደግሞ «አዎ»፤ እንባውም ወረደ። የንግግር ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ ነገረኝ፦ ይህ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ሁለቱን ቃላት ያምታታሉ፤ «አዎ» ሲል «አይ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ወረቀቱ ላይ እንደዚያው ሆኖበት ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቴ ምን እንደመረጠ አላውቅም። የማውቅም አይመስለኝም። ተመልሼ ገብቼ «አበላሸሁብህ?» አልኩት። አየኝና ያንን ስድብ ተናገረ። እሱን አያምታታም። ለማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እጄን አልለቀቀም።

ይህን ሁሉ በአደባባይ የጻፍኩት በእሱ ፈቃድ ነው፤ ደብዳቤውን አንብቤለት በግራ እጁ አውራ ጣቱን አንሥቷል።

ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ እርስዎም ያውቁታል። ምርመራው አልተጀመረም፤ መርማሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ አላገኘምና። እኛም መጠበቁን ስላልቻልንበት፣ አንትየ፣ ዴትሌፍና ሌሎች አሥራ ሁለት የመንደር ሰዎች ስምንት ቅዳሜ የመጀመሪያ እርዳታ ተምረው፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ የሚደርስ የበጎ ፈቃድ ቡድን አቋቁመዋል። ዴትሌፍ ከዚያች እሑድ ወዲህ ዓይኔን ማየት ያፍር ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ እየመጣ ዊንፍሪድን ፊደል ያስቆጥረዋል። በጥቅምት የወይዘሮ ግሩበን ልብ ሲቆም የደረሱላት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት አለች። እርስዎም ነገሩ ከቀና በኋላ መጥተው ሪባን ቆርጠዋል። ትናንት በየቤታችን በተላከው የመቶ ቀን ሪፖርትዎ ውስጥም ቡድኑን «ጥምረታችን ለገጠሩ ሕዝብ ያስገኘው የመጀመሪያ ፍሬ» በሚል ርእስ ሥር አገኘነው። ፎቶግራፉ ጥሩ ወጥቷል። አንትየ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ጣቢያውን ይመልሱልን ለማለት አይደለም፤ ያንንማ በመጋቢት ሳልጠይቅዎ ሰጥተውኛል። የጻፍኩት ያቺን ወረቀት እንዲያውቋት ብዬ ነው። ወንበርዎ የቆመው ሕግን ባከበረች በአንዲት ሴት ቃል ላይ ነው። እኔ ያንን ቃል ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ያጥረኛል። እርስዎ ግን መልካም እንቅልፍ እንዲተኙ እመኝልዎታለሁ።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለውብ ፖስተርዎና ለሰባ አራቱ ገጾችዎ ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና እየገለጽኩ፣ የአራት ምክትሎችዎ ጥላ ከላይዎ እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ ዜጋ፣
ጌርሊንደ ሆልትካምፕ
ቬንደሮዴ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው የምክር ቤት ምርጫ ለመንደራችን ሌላ ድምፅ ቆጣሪ እንዲፈልጉ በትሕትና አሳስባለሁ። ሕጉ ዕጩ ተወዳዳሪ የሆነ ሰው የራሱን ምርጫ እንዲቆጥር አይፈቅድም።