ያልተበሳው በርሜል

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አወጣች? እኔ ግንድ አክያለሁ፣ ለኔ አታስቢ። ሰላምታው ይቆይና ይቺን መስመር እንዳነበብሽ ተነሽና ያን የላክሁልሽን ሰማያዊ በርሜል ድፊው። ከምንጩ ራቅ አድርገሽ። ከሱ ማንም እንዳይጠጣ፣ ከብትም ቢሆን። ስልክሽ እምቢ ስላለኝ ነው ደብዳቤውን በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ የላክሁት።

የምሠራው የከብት መድኃኒት ፋብሪካ መሆኑን ታውቂያለሽ። የመዥገር መድኃኒት የነበረበትን በርሜል የማጥበው እኔ ነኝ። ሦስቴ አጥቤ፣ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ቂጡን በብረት እበሳው ነበር። በቀን ሰማንያ! ሁለት ሰው የማይችለውን። ስሜም "ወንፊት" ሆኖ ቀረ።

ምላሴ መች ያርፋል። አምና ስብሰባ ላይ አለቃው "ቆሻሻችንን እንዴት እንቀንስ?" ሲል እጄን አወጣሁ። "ድሃ በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እየቀዳ ይሄን የመሰለ በርሜል ምን ብለን እንበሳለን? ለሠራተኛው ስጡት" አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የመጋዘኑ ሰውዬም "እውነቱን ነው፤ የተበሳ ቆሻሻ ነው፣ ያልተበሳ ስጦታ ነው" አለ። በርሜሉን ተሸክመን ወጣን፣ ግቢው ጸዳ፣ ፋብሪካው "አካባቢ ጠባቂ" ተብሎ ተሸለመ። ያ እንደ ሙሽራ ተገትሬ ተነስቼ የላክሁልሽ ፎቶ የዚያን ቀን ነው። ያንቺንማ በርሜል አምስቴ አጠብኩት፣ አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ለአፍንጫዬ ማን አህሎኝ!

"ዶሮዎቹ በሳምንት አለቁ፣ ላሟም ጽንሷን ጣለች" ብለሽ ስትጽፊልኝ ግን ክው አልኩ። ደብዳቤሽን ላብራቶሪ ለምትሠራው ልጅ አሳየኋት። "ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ውኃው ውስጥ ይተፋዋል። እጥበት አያስለቅቀውም። አንተ ደንቆሮ፣ ለዚህ አይደል እንዴ የሚበሳው?" አለችኝ። አለቃው ዘንድ ሮጬ በርሜሎቹን እንሰብስባቸው አልኩት። ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶዬ በእስክርቢቶ ጠቆመና "ሐሳቡ የማን ነበር?" አለኝ። የኔ ነበር፣ እትዬ። ብረቴን አንስቼ ወጣሁ።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ብረቴን ይዤ በየሠራተኛው ቤት እዞራለሁ። አንዱ ያስበሳኛል፣ አንዷ "ሰጥቶ ነሺ!" እያለች በመጥረጊያ ታባርረኛለች። ያን ጊዜ ሳይበሳ የወጣው መቶ አርባ በርሜል ነው፤ እስካሁን የበሳሁት አሥራ ዘጠኝ ነው።

የመድኃኒቱን ስም የላብራቶሪዋ ልጅ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፋዋለች። ትንሿን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ስሙን አሳዪያቸው። በርሜሉን ለእህል ነው ብሎ ለሚለምንሽም እንዳትሰጪ። አናጢው ጎረቤታችን ቂጡን ይብሳልሽ።

ባልሽን ስለ ላሟ ይቅር በለኝ በይልኝ። አናጢውን አመስግኚልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ምን እንደሆነች ቶሎ ላኪብኝ፣ እንቅልፍ የለኝም። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። "የልጄ በርሜል" እያለች ለመንደሩ ታሳይ ነበር ብለሽኛል፤ ሲበሳ ፊቷ ይሁን፣ ልጅሽ ነው ያስበሳው በያት። ፎቶዬንም ከግድግዳው አውርጂው።

ወንድምሽ ወንፊት
ከበርሜል ማጠቢያው፣ ጥር 14 ቀን