ጉንፋን የያዘው አምፕ

ቦሌ ሚካኤል፣ ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፣ እሑድ አበልጄ ትሆናለህ ተብለህ ለምትጠበቀው፤

ጤናህ እንዴት ነው? ትከሻህስ ተሻለህ? ያ የጊታር ማንገቻው ነው ወይስ ብርድ እያልክ ስትጨነቅበት የነበረው ማለቴ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘርፌ አራስነት ሊያልቅ ነው። ሕፃኑ ወፍሯል፤ ጎረቤታችን መኪያ በየቀኑ እየመጣች ማሻ አላህ ትልለታለች። መኪያን አስታውሳት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ብደውልልህ ወይ እንሳደባለን ወይ ታስቀኛለህ። አንተ ካሳቅኸኝ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር እረሳዋለሁ፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያሸነፍከኝ እንዲህ እያደረግክ ነው። ወረቀት አያስቅም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኢምፔሪያል አጠገብ ባለው አዳራሽ የሰርግ ምሳ ላይ ስትጫወት ሰማሁህ። ልጁን የዳረው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አንተ እንደምመጣ አላወቅክም። ሳህኔን ይዤ ወደ ወንበሬ ስሄድ ጊታርህ ጀመረ፤ እኔም መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል። የሰማሁት የእኔን አምፕ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያዬን ነው። የእኔ አምፕ ግን ቤቴ ነው ያለው። ጠዋት ስወጣ የሕፃኑ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር።

ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። አንተም ትለየዋለህ። አባትህ ጋሽ ላጲሶ የስፒከሩን ወረቀት አይጥ በልቶባቸው በደብተር ሽፋንና በኮላ ከለጠፉት ጀምሮ በአፍንጫው ነው የሚናገረው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ልጆች ሆነን ጋሼ፣ አምፑ ዛሬም አልተሻለውም እንዴ እያልን እንስቅባቸው ነበር። ውበቱ እዚያው ጉንፋኑ ላይ እንደሆነ የገባን ካደግን በኋላ ነው።

በዕረፍታችሁ መጣሁብህ። መድረኩ ላይ አምፕ የሚባል ነገር የለም፤ እግርህ ሥር የጫማ ካርቶን የምታክል መሣሪያ ብቻ ተቀምጣለች። ምንድን ናት አልኩህ። ሞዴሊንግ ናት አልከኝ። ከፋብሪካ ስትመጣ ስንትና ስንት ዓይነት አምፕ ውስጧ ተሞልቶ እንደሆነ፣ ከነዚያ አንዱ የአባትህን ዓይነት እንደሆነ ነገርከኝ። ስታወራ ግን ዓይንህ እኔ ላይ አልነበረም፤ ገመድ ትጠቀልል ነበር። በዕረፍት ሰዓት ገመድ የሚጠቀልል ጊታሪስት አይቼ አላውቅም።

እኔ ካርጎ ውስጥ የምውል ሰው መሆኔን ዘነጋኸው። ሥራዬ ሣጥን ላይ የተጻፈውን አለማመን ነው። ጫማ ተብሎ ተጽፎበት ሞተር የወጣበት ስንት ሣጥን አይቻለሁ። ሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግነው ቢሩክ ዘንድ ሄድኩና ስምህን ሳልጠራ እንዲህ ያለች መሣሪያ የአምፕ ድምፅ ከየት እንደምታመጣ ጠየቅኩት።

ቢሩክ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሞዴሊንግ የአንድን ዓይነት አምፕ አሠራር አጥንቶ፣ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ በስሌት መቅዳት ነው አለኝ፤ ማዞሪያውን ብትነካ እውነተኛው የሚሆነውን ይሆናል። ፕሮፋይሊንግ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፤ እሱ ግን አንዱን አምፕ፣ ይኸንኑ ፊትህ ያለውን ነው የሚፈልገው። ማይክ ትተክልለታለህ፤ መሣሪያው በአምፑ በኩል ፉጨትና ጩኸት ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን አዳምጦ ይይዘዋል። የሚይዘውም ማዞሪያዎቹ በዚያች ሰዓት የነበሩበትን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብታዞራቸው ግምት እንጂ አምፑ ራሱ አይደለም። ግራ እንደገባኝ ሲያይ ሳቀና፣ ሞዴሊንግ የወጥ አሠራር ያውቃል፣ ፕሮፋይሊንግ ግን የእናትህን ወጥ ቀምሶ ያንኑ ይደግማል፣ ጨው በዝቶበት ከሆነም ከነጨው አለኝ። ታዲያ የቱ ይሻላል አልኩት። እንደ ሰው ነው አለ፤ እያዟዟረ አዲስ ድምፅ መፈለግ ለሚወድ ሞዴሊንግ፣ የሚወደው አንድ አምፕ ኖሮት እሱን ብቻ ይዞ መዞር ለሚሻ ፕሮፋይሊንግ።

እኔ ግን ሐሳቤ ጨው ላይ ቀርቷል። አይጥ የበላውን፣ በደብተር ሽፋን የተለጠፈውን ስፒከር አስቦ የሚሠራ የትኛው ፋብሪካ ነው? ከፋብሪካ የሚመጣ ጤነኛ አምፕ ነው። ጉንፋኑን ከየት አመጣኸው?

ቀን መቁጠር ያዝኩ። ዘንድሮ አምፑ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም። ቁልፌ ግን ወጥቷል። በባለወልድ ዕለት፣ ዘርፌ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ስንገባ፣ አንተ ከልምምድ በቀጥታ ከነጊታርህና ከነመሣሪያ ቦርሳህ መጣህ። ብርድ ልብስና ፔርሙስ እንድታመጣልን ቁልፉን ሰጠሁህ። መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ አንተ ሦስት ሰዓት ቆየህ። ምነው ስልህ መንገድ ተዘጋግቶ አልከኝ። በእግርህ ሄደህ! እኔ አባት ልሆን ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው፤ የብርድ ልብስ ነገር ማን ይጠረጥራል?

ትናንት መኪያን ጠየቅኳት። አዎ፣ የዚያን ቀን ከቤታችሁ ፉጨትና ማጓራት ይወጣ ነበር፣ ሬዲዮ ተበላሽቶ መስሎኝ ሳንኳኳ ጓደኛህ ብቅ ብሎ ምንም አይደለም እትዬ፣ አሁን ያልቃል አለኝ አለችኝ። ቤት ገብቼ የሕፃኑን ልብስ ከአምፑ ላይ አነሳሁ። ልጁ ከተወለደ ወዲህ ልብስ ከማስጣት በቀር የነካው የለም። ከጎኑ የማይክ ገመድ የሚታሰርበት ጥቁር ፕላስተር ቁራጭ ተጣብቆ ቀርቷል። የድምፅ መጨመሪያውን ሁልጊዜ የማቆመው አራት ላይ ነው። ስድስት ላይ አገኘሁት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ልጄ በሚወለድበት ቀን ቤቴን አምኜ ሰጠሁህ፤ አንተ አደራ በላ ሆንክ። ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?

ይህን ሁሉ ለዘርፌ ነገርኳት። እሑድ ልጄን ክርስትና የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ የሰው ድምፅ ሰርቆ ሰርግ ለሰርግ የሚዞር ሰው ልጄን አያቅፍም አልኳት። እያጠባች ነበር፤ ቀና ሳትል የማንን ድምፅ አለችኝ። የእኔን አልኳት። ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችና አሁንም የማንን አለችኝ።

ያ ጥያቄ ነው ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ። ከላይ የጠየቅኩህን ራሴው ልመልስልህ። አዎ፣ እከለክልህ ነበር፤ ከልክዬህም አውቃለሁ። አምና ከሐዋሳ ስትመለስ ለአንድ ሳምንት አውሰኝ አልከኝ። አርጅቷል፣ ከተንቀሳቀሰ ይቃጠላል አልኩህ። በዚያው ሳምንት በላዳ ጭኜው ገርጂ ድረስ ወስጄ ተጫውቼበታለሁ። ምንም አልሆነም።

ስድስት ላይ የሚያቆሙት ደግሞ ማን እንደነበሩ ሁለታችንም እናውቃለን። አራት ላይ ትተህ የእኔን ቀድተህ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ይመቸኝ ነበር። ጊዜ ሳይኖርህ፣ ተሰርቀህ እንደገባህ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ማዞሪያውን ወደ አባትህ ቦታ መለስከው። ይህን ሳስብ አፈርኩ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ በጣም አፈርኩ።

ጋሽ ላጲሶ ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው አስጠርተውኝ አምፑን በእጃቸው አሳዩኝና ውሰደው አሉኝ። ለቅሶ ላይ የነገርኩህ ይህንኑ ነው። አንተም አባቴ ካለ አለ ነው ብለህ ሁለተኛ አልጠየቅከኝም። ስንቱን ሣጥን ሳስከፍት የምውለውን ሰውዬ እንዲህ በቀላሉ አሳለፍከኝ። ንግግራቸው ግን እዚያ ላይ አላለቀም ነበር፤ ያንተም ስም ነበረበት። የቀረውን በወረቀት አልልክልህም፤ እሑድ በፊትህ እናገረዋለሁ፣ ዘርፌም ትስማው።

ከላይ አደራ በላ ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ተውኩት። ስሙ ለማን እንደሚገባ ስትመጣ አብረን እናየዋለን።

ሞዴሊንግ ናት ብለህ መዋሸትህን ግን አልረሳሁልህም። እሱ ደግሞ የራሱ ቀን አለው።

እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚካኤል ደጃፍ እንጠብቅሃለን። ነጠላህን እንዳትረሳ። ድግሱ የጾም ነው፤ ሥጋ የለም ብለህ እንዳታኮርፍ። በሚኒባስ ግን አትምጣ። ከኋላዋ ዕቃ የምትጭን መኪና ከሰው ለምነህ ያዝ። አምፑን በዚያ ብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን፤ ወደ ቤትህ የሚወስደው የገርጂ መንገድ ተቆፋፍሯልና እንዳይንገላታ።

ልጄን የምታቅፍበትን ክንድህን እግዚአብሔር ያጽናልህ፤ ሚካኤል ከክፉ ይጠብቅህ። ትከሻህንም ያሽርልህ፤ ዕቃው ከባድ ነው፣ ለሁለት ነው የምናነሳው። ማዞሪያውን አልነካሁትም፤ ስድስት ላይ እንዳለ ነው።

አበልጅህ፣ ከሰማኸኝ በኋላም ከፈቀድክ