ለአባባ የለቀቅክለት ዳማ

ለወንድሜ ለናሁሰናይ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ፍቅርአዲስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ኖርዌይ ዘንድሮ ብርዱ ጠንቷል ሲሉ ሰምቼ አሳስባችሁኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ጤነኛ ናት። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ይብቃ፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትስቅ ነው። አንተ ስትስቅ የእኔ ንዴት ይበርድብኛል፤ አሁን ደግሞ እንዲበርድ አልፈልግም።

ለገና ስትመጣ ያንን ባለካርቶን ጨዋታ ይዘህልን መጣህ። ትንንሾቹን የእንጨት ጀልባዎች ጠረጴዛው ላይ እየደረደርክ፣ በዚህ ጨዋታ ሰው ከሰው አይሸናነፍም፣ ወይ ሁላችንም እናሸንፋለን ወይ ሁላችንም እንሰጥማለን አልከን። አባባ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ታዲያ ማንን ነው የማበሽቀው?" ብሎ ጠየቀህ። ሁላችንም ሳቅን። አንተም ሳቅህ፣ ሰውዬው ግን የምሩን ነበር። ጨዋታህን አልጠላሁትም፤ እማማ ወዳዋለች፣ ከእኔና ከባለቤቴ ከሰይፈ ሚካኤል ጋር እሑድ እሑድ እንጫወተዋለን። አባባ ግን ጡረታ ሳይወጣ በምድር ባቡር ጋራዥ በገዛ እጁ የሠራትን ዳማ አመጣና በረንዳው ላይ ከፊትህ ዘረጋት። እሱ የመረጠው ያንን ነው።

ከዚያ አንተ ምን አደረግክ? ሆን ብለህ እየተሸነፍክ ለቀቅክለት። አንዴም አይደለም፣ እስክትሄድ ድረስ። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኝህ እንደ ትልቅ ቁም ነገር "አባባን አስደስቼው ሄድኩ" ስትለኝ ደሜ ፈላ፤ መንገደኛን አላስከፋም ብዬ ስሜህ ተመለስኩ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተህ አዘንክለት አይደል? የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው እንጂ ጭንቅላቱ ምን ሆነ? እኛ ልጆች ሳለን በቆርኪ ሲያስተምረን አንድ ቀን እንኳ ለቆልን ያውቃል? አልቅሰን እንተኛ ነበር፤ በማግስቱም እንደገና ይበላናል። በመጨረሻ ያሸነፍከው ዕለት ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ ልጄ በላኝ ብሎ ያወራው ለምን ይመስልሃል?

ገና የመጀመሪያውን ስትለቅለት ነው የገባው። እንግዳ ነህና አላሳፈረህም፤ እንዳላወቀ ሆኖ ሲፎክርልህ ሰነበተ። ከሄድክ በኋላ ዳማዋን እያሳየኝ "ናሁሰናይ ያንን ቆርኪ እዚያ ላይ በልጅነቱም አይተወውም ነበር" አለኝ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማዶ ያለው ባለሱቅ ዐብዱላሂ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ የአባባ ተጋጣሚ የሆነው፣ እንደ ልማዱ ሙቀቱ በረድ ሲል መጣ። መቼም ታውቀዋለህ፣ የለስላሳውን ቆርኪ እንጂ የቢራውን አይዝም፤ የበላውንም በጣቱ ጫፍ ነው ገፋ የሚያደርገው። አባባ ዳማውን እንደመዘርጋት እያለ "አንተስ ስንት ዓመት ነው ስትለቅልኝ የኖርከው?" ብሎ ጠየቀው። ዐብዱላሂ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ግን "አቦ ምን ነካህ፣ ወላሂ አንድም ቀን!" ብሎ ማለ። አባባ አላመነውም። "የገዛ ልጄ ያደረገውን አንተ የማታደርግበት ምክንያት የለም" አለው። ዐብዱላሂ "ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር" ብሎ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ አንዱ በረንዳው ላይ፣ አንዱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፊታቸውን አዙረው ይቀመጣሉ። መሀላቸው ያለው አንድ ጠባብ መንገድ ነው፣ ባጃጅ ብቻ ነው የሚያልፍበት። ዳማዋ ቁምሳጥን ላይ ወጥታለች። እኔ ልጫወትህ ስለው "አንቺም ልታዝኚልኝ ነው?" ይለኛል። ያንን ሁሉ ዘመን ያሸነፈውን አንድ በአንድ እያነሣ፣ የትኛው የእውነት እንደነበረ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሌላ ምን ነበረው? ይህን ነው የወሰድክበት። አስደስቼው ሄድኩ ትለኛለህ ደግሞ!

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ትደውላለህ። እኔ ዐብዱላሂን እየጎተትኩም ቢሆን አመጣዋለሁ። በእሱ ፊት፣ ሳታድበሰብስ፣ ሆን ብለህ እንደለቀቅክለትና እጁን አይተህ እንደሆነ ለአባባ ትነግረዋለህ። ይሰድብሃል፣ ትሰማዋለህ። ከዚያ ትጫወተዋለህ፤ ቆርኪህን እኔ አንቀሳቅስልሃለሁ። ልታሸንፈው ከቻልክ አሸንፈው፣ ሳትራራ። ያበሽቅሃል፣ አንተም አብሽቀው። ሥራ አለኝ ብትለኝ ግን ከዚህ ወዲያ እህት አለችኝ አትበል።

እማማ ልጆቹን ሳሚልኝ ብላለች። ሰይፈ ሚካኤል ለአንተም ለፍቅርአዲስም ሰላምታውን ያቀርባል። ዐብዱላሂም ትናንት ስኳር ልገዛ ስሄድ ስላንተ ደኅንነት ጠይቆኝ ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ ነገሩ ካንተ እንደመጣ እያወቀ። አባባ ግን ሰላም በይልኝ አላለኝም። ለወጉ ያህል ብሎሃል ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፣ ተውኩት።

እህትህ የምሥራች ወልደ ማርያም
ድሬዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.