አባባ የባረኩት መሽከርከሪያ

ሰኞ

ፈቀዱ። ከጤና ጽሕፈት ቤት የተላከው ተቆጣጣሪ የእጅ መታጠቢያ ሮቶውን ዞሮ አየ፣ ባሌ ጋሻው የበየዳትን የእግር መርገጫ ረገጠ፣ ውሃው እጁ ላይ ሲወርድለት "ይቺስ ጥሩ ናት" አለና ፈረመ። ከመጋቢት ጀምሮ በወረርሽኙ ሰንሰለት ታስሮበት የከረመው የልጆች መጫወቻችን ነገ ይከፈታል።

መጫወቻ ስል ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሸርተቴ፣ ሁለት ዥዋዥዌ፣ አንድ መሽከርከሪያ። መሽከርከሪያውን ጋሻው ልጃችን ሶስና ስትወለድ ከወዳደቀ የመኪና ብረት በያይዞ ነው የሠራው። ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ እሱ እየገፋ ያዞራቸዋል። እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ ልጅ የሚቦርቅበት ሌላ ግቢ እኔ አላውቅም።

ትእዛዙ ይሄ ነው፦
እጁን ሳይታጠብ የሚገባ የለም።
ትልልቆቹ ማስክ ያደርጋሉ።
አንድ ወንበር ላይ ልጅ፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ።
ልጅ በወረደ ቁጥር ብረቱ በበረኪና ይወለወላል።
ወላጅ በተሠመረለት ክብ ውስጥ ይቆማል።

ክቦቹን በኖራ ሠራኋቸው። አንዳንዶቹ ድንች መስለዋል፤ ይሁን። እጄ በበረኪናው ከአሁኑ ተላጠ።

ጋሻው ደስ አላለውም። ራት ላይ "መስቀል ልጅ ሳይመጣበት ካለፈ መሽከርከሪያውን ቆርጬ የመስኮት ፍርግርግ እሠራበታለሁ" አለ። ሰው መስኮት እያዘዘው ብረት አጥቶ ነው የከረመው። ቀልዱን እንዳልሆነ ከአነጋገሩ አውቃለሁ። ሶስና እንዳትሰማ በዓይኔ ጠቀስኩት።

ማክሰኞ፣ ሚካኤል

አንድም ልጅ አልመጣም።

ሮቶው ሞልቶ፣ ሳሙናው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ማስኬን አድርጌ በር ላይ እንደ ሙሽራ ጠባቂ ተገትሬ ዋልኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ በዚያ ማዶ ያልፋል። አንድ ትንሽ ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ አጥሩን ያዘ። እናቱ "ልቀቅ! ብረት ነው! ብረት ላይ ነው የሚተኛ አላሉም?" ብላ እየጎተተች ወሰደችው። በሬዲዮ በሽታው ብረት ላይ ይቆያል የተባለ ዕለት ነው እኛ ያለቀልን። የእኛ ነገር ሁሉ ብረት ነው።

ጋሻው ሶስናን ብቻዋን አዞራት። እሷም ቶሎ ሰለቻት፤ ለብቻ መዞር ምን ደስ ይላል?

ከሰዓት አባባ መጡ። አባቴ መሪጌታም ቄስም ናቸው፤ ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተምረው፣ እዚህ ከተማ ሲያስተምሩ ያረጁ። መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ዥዋዥዌው ላይ ቁጭ አሉ። ሳቄን እንደምንም ዋጥኩ።

"ሰው የፈራ ብረቱን አይደለም" አሉኝ። "ዘግታችሁ አክርማችሁ፣ እንዲያው ጸሎት ሳይደርስበት ይከፈታል? ሐሙስ እኔ አደርስበታለሁ። ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ።"

"አባባ፣ ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል" አልኳቸው።

"ክብ ሠርተሽ የለም ወይ? በክባቸው ይቆማሉ።"

ተጨማሪ ክብ ልሠራ ኖራዬን አነሳሁ። ደግሞም ልቤ ፈልጎታል።

ረቡዕ

ለአባባ ማስክ ሰፋሁላቸው። ከነጭ አቡጀዴ፣ በእጥፍ። አመስግነው ተቀበሉኝ፣ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ያድርጉት እንጂ" ስላቸው "የክት ነው፤ እንዲህ ያለ ነጭ ለዘወትር ይሆናል?" አሉ። ከእሳቸው ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው።

እኔ ግን እፈራለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ትኖር የነበረችው አክስቴ በክረምቱ በበሽታው ሞታ ለቀብር አልደረስንም፤ ጥቂት ሰው ብቻ ቀበራት። በሽታው ውሸት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያን ቀን አስባለሁ። እና በበረኪና የምወለውለው ለይስሙላ አይደለም።

ወሬው ግን ሠርቷል። ገበያ ላይ ትናንት መንገድ ተሻግራ ያለፈችኝ ሴት ራሷ "ነገ መሪጌታ ይባርኩታል አሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለጋሻው ስነግረው የብረት መጋዙን ከበሩ ጀርባ ወደ ውስጥ አስገባው። እኔ በሩ ጀርባ ማስቀመጡንም አላወቅኩም ነበር።

ሐሙስ

ምን ብዬ ልጻፈው።

መጡ። እናቶች፣ አያቶች፣ ልጆች። ሁሉም ታጠበ። ሁሉም በየክቡ ቆመ፤ ድንች በመሰሉት ክቦች ሳይቀር። ተቆጣጣሪው ሊያይ መጥቶ በር ላይ ነበር፤ "ሌላው ቦታም እንዲህ ቢሆን" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አባባ ማስካቸውን አድርገዋል። ወግ ደርሶት የክቱ ወጣ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ጸሎቱን ጨረሱ። መሽከርከሪያውን፣ ሸርተቴውን፣ ዥዋዥዌውን በመስቀል ባረኩ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩና ማስኩን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ። አሁንም ቢሆን ለምን ያኔ እንዳልጮህኩ አላውቅም። ዝቅ ያደረጉት ምርቃቱ እንዲደርስ ነው። በተራ በተራ፣ ክብ በክብ እየዞሩ "እንትፍ! እደግ፣ ተመንደግ! እንትፍ! ክፉ አይይሽ!" አሉ። እናቶቹ የልጆቻቸውን ግንባር እያቀረቡ ተቀበሉ። ጋሻው ጎንበስ አለ። እኔ፣ በረኪና በእጄ የያዝኩት እኔ፣ ጎንበስ አልኩ። የምራቁ ጠብታ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ "አሜን" አልኩ።

ተቆጣጣሪውም ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንደ ማናችንም እዚሁ አገር ያደገ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲመርቅ አንገቱ ራሱ ያውቃል። "እንትፍ! ሹመት ያዳብር!" አሉት።

"አሜን" ካለ በኋላ ነው የነቃው። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፣ ሳኒታይዘር አወጣ፣ ፊቱ ደም መሰለ። "ምን እያደረጋችሁ ነው? ሰው ልትጨርሱ ነው?" እያለ ጮኸ። ልጅ የያዘ ሁሉ ተበተነ። አባባ መሀል ላይ ብቻቸውን ቀሩ፤ ማን እንዳጠፋ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞረው ተመለከቱ።

ሰንሰለቱን እሱ ራሱ አሰረው። አንድም ልጅ ሳይቀመጥበት።

ዓርብ

ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄድኩ። ማስኩ አገጩ ላይ ነበር።

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አለኝ። "ሥራዎትማ ምንም አይወጣለትም። ሽማግሌው ናቸው። እዚያ ግቢ ዳግመኛ ድርሽ እንዳይሉ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከዚያ ለመስቀል እከፍትልዎታለሁ።"

"አንተስ ጎንበስ ብለህ አልነበረም ወይ?" የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። መጋዙ ታየኝ። ሶስና ታየችኝ። "እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ውስጤን የሚያቃጥለው ደግሞ ሰውዬው ትክክል መሆኑ ነው። አክስቴን የገደላት ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው። ግን ትክክል ነገር እንዲህ ይመርራል?

አባባ ደጃፋቸው ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። ነገርኳቸው፤ አቆላምጬ፣ አዙሬ፣ "ለጊዜው ነው" እያልኩ። ዳዊታቸውን አጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኔ የተቀበልሁትን ነው የሰጠሁ" አሉ። "መምህሬ እንዲያ ነው የመረቁኝ። አንቺን ስትወለጂ እንዲያ ነው የመረቅሁሽ። ያ ሁሉ መርዝ ነበር?"

"አይደለም አባባ፣ ጊዜው ነው።"

"እሺ" አሉ። "አልመጣም። ልጆቹ ይጫወቱ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ ሲቆጡ አውቅበታለሁ፤ ይህን "እሺ" ግን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ደመራ

አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ትከሻ ለትከሻ። ከበሮ፣ ሽብሸባ፣ ችቦ፣ የሰው ትንፋሽ። በድምፅ ማጉያ "ርቀታችሁን ጠብቁ" ይላሉ፤ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው መድረኩ ላይ እንደ እንጨት እስር ተጣብቀዋል። ተቆጣጣሪያችን ከእነሱ ጋር አለ። ሲያየኝ በእጁ ሰላም አለኝ፤ ወዳጅ ሆነናል።

እዚህ ክብ የሠራ የለም። እዚህ ሰንሰለት የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ በኖራ መሬት የቀባሁት እኔ፣ አባቴን ከደጄ መለስኩ።

አባባ አልመጡም። በየዓመቱ ከመዘምራኑ ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ "ምነው መሪጌታ?" ይለኛል። "ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው" ብዬ አፌን ሳልዘጋ የጠየቀችኝ ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚህ ዘመን ጉንፋን ይባላል? ያለኝ ጭንቅላት ይኸው ነው።

እሑድ፣ መስቀል

ተከፈተ። ሞላ!

ወረፋው መንገዱ ድረስ ወጣ። ክቦቹ አልበቁም፤ ጋሻው በኖራ ሌላ ጨመረ። የሱ ደግሞ ከእኔ የባሱ ድንች ናቸው። መሽከርከሪያው ከጠዋት እስከ ማታ አልቆመም። አንድ ወንበር ላይ ልጅ፣ አንዱ ባዶ፤ ልጅ ሲወርድ እኔ በበረኪና እወለውላለሁ፣ ሌላ ይቀመጣል። ጋሻው ላብ በላብ ሆኖ ይስቃል። ስለ ፍርግርጉ ሳነሳበት "የምን ፍርግርግ?" አለኝ። ብረቱ ተረፈ።

አንዷን እናት፣ ያቺን ልጇን ከአጥሩ የጎተተችውን፣ "ብረቱን አልፈራሽም?" አልኳት።

"ኧረ ምን እፈራለሁ፣ መሪጌታ ባርከውት የለም ወይ?" አለችኝ።

በሩን ያስዘጋብን ሐሙስ ነው ሰዉን ያመጣልን። ለተቆጣጣሪው ብነግረው ምን ይል ነበር? አልነገርኩትም። ለአባባም አልነገርኳቸውም፤ ሮጬ ሄጄ ልነግራቸው የሚገባኝ ግን ይህን ነበር።

አመሻሹ ላይ አየኋቸው። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ማዶ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ግቢውን አልረገጡም፤ ቃላቸው ቃል ነው። ሶስና ከእኔ ቀድማ አየቻቸውና "አባባ!" ብላ ሮጠች። ግንባሯን በሽቦው ቀዳዳ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በየበዓሉ እንደለመደችው።

መንገዱን ተሻግረው መጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ያን የክቱን ማስክ አወጡ፣ እጥፋቱን ዘረጉ፣ አፍንጫቸውን ጭምር አድርገው አሰሩት። ከዚያም ከአጥሩ ራቅ ብለው ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ከጨርቁ ሥር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ግን አይሰማም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን መልሰው ሄዱ።

ሶስና ዓይኗን ገልጣ ግንባሯን ዳሰሰች። ጣቷን አየችው። ደረቅ ነው።

"እማዬ፣ አልደረሰኝም" አለችኝ።

"ደርሶሻል" አልኳት። ጋሻው ልጆቹን አውርዶ እየጠራኝ ነበር፤ በረኪናዬን ይዤ ወደ ብረቱ ተመለስኩ።