ወግዲ ለምን ቀይ ሆነ?

ውድ እህቴ ዙሀራ፣

እኔ ኡምኩልሱም ሙሐሲን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝና አእምሮዬ በቦታው እያለ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። «ፈተናሽ እስኪያልፍ እንዳትነኪው» ብለሽ በሻርፕ ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽውን ላፕቶፕ ነክቼዋለሁ። ከነካሁት በኋላ ከፍቼዋለሁ። ከከፈትኩት በኋላ ደግሞ ቆሎ እየበላሁበት አንዲት ሽምብራ ከረጅሟ ቁልፍ ሥር ገብታለች። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በሁለት ቃላት መካከል ክፍተት ባየሽ ቁጥር እዚህ መካነ ሰላም «ቋ» ብሏል ማለት ነው። ቃሌ ይኸው ነው። ምሕረትሽን እለምናለሁ፤ ሽምብራዋን ግን ማውጣት አልቻልኩም።

የምጽፍልሽ እዚያው ኤክሴል ላይ ነው። የኮምፒውተር መምህራችን ቢያዩኝ ኤክሴል ለሒሳብ፣ ወርድ ለጽሑፍ ብለው ከሀ ይጀምሩልኝ ነበር። እሳቸው ሁሉም ነገር የተሠራበትን ሥራ ብቻ እንዲሠራ ይወዳሉ። ለወንበር እንኳ መቀመጫ እንጂ የቁም ሳጥን ጫፍ መድረሻ መሆኑን አይፈቅዱለትም። ምን ላድርግ፣ እኔ የአንቺ እህት ነኝ።

አሁን አባባ ገበያ ወጥቷል፣ እማማ ጎረቤት ናት፣ ቤቱ የኔ ነው። ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አባባ ቂም ይዞብኛል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «ኧረ ደህና ነን፣ ዝናቡም ጥሩ ነው» ብዬ የማይገናኝ መለስኩልሽ። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ጥፍሩን እየቆረጠ ነበርና ነው። ለጥያቄሽ በደንብ ልመልስ ካልኩ ከወንድማችን ከአዩብ ሰርግ መጀመር አለብኝ። አንቺ ያን ቀን ከጨርቁ ኋላ ነበርሽ፤ ፊታቸውን አላየሽም። ያየሁት እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሪያድ ተመልሰሽ ቢሮ ገብተሽ የሪፖርት ቁጥር መሙላት ስትጀምሪ ያንን ሥራ ከሥራ ሁሉ አሰልቺ አድርጌ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ምሳሽን ላደርስ ስመጣ ሌሎቹ ሻይ ወጥተው አንቺ ብቻሽን ተቀምጠሻል። የኤክሴሉን ሳጥኖች አጥብበሽ አጥብበሽ የምስር ፍሬ አሳክለሻቸዋል። በየሳጥኑ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ግን ተደብቆ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። ትንሽ ከሆነ ቢጫ፣ ከፍ ካለ ብርቱካን፣ ከበለጠ ቀይ እያልሽ ሕግ አውጥተሽላቸዋል። የእማማ ቀሚስ ጥለት ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ኤፍ ዘጠኝ የምትባለውን ቁልፍ ነካ ስታደርጊያት ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ አዲስ ዕጣ ወጡና ጥለቱ ነፋስ እንደመታው ልብስ ተርገበገበ።

«ሪፖርቱስ?» አልኩሽ።

«ሪፖርቱማ ከሥሩ አለ» አልሽኝ።

በስልኬ ቀርጬ የለጠፍኩት እሱን ነው። አዲስ አበባ ለመድረክ የብርሃን ሥዕል የሚሠሩት ልጆችም አይተው የደወሉልሽ እሱን ነው። አባባ ሲሰማ ሳጥን መቀባት ምን ሥራ ነው፣ ሕፃናትም ይቀባሉ አለ። ደላላው ደግሞ ወረቀትሽን ጨርሶ ነበር፤ የአዩብ ሰርግ እንዳለፈ ወደ ሪያድ ልትመለሺ ነው፤ ፓስፖርትሽ በአባባ ኮት የውስጥ ኪስ ገብቷል። ክፉ ሆኖ አይደለም። በሰፈራችን ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ሁሉ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር አለችው፤ አባባም ልጅ የምትኖረው እንደዚያ ይመስለዋል። አንቺም «እሺ» ብለሽው ነበር። ያን «እሺ» ስትይ ፊትሽን ማየት አልወደድኩም።

እንግዲህ ሰርጉ። ባለ ቪዲዮው ከነትልልቅ ድምፅ ማጉያው ከደሴ ሲመጣ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ውሎ አመሸ። የሙሽሪት ወገኖች ከወግዲ ድረስ መጥተው በዳሱ ውስጥ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ አንቺ አንሶላ አምጪ አልሽኝ። እማማ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣውን ነጩን አመጣሁ። ከቢሮ በፊርማ የተዋስሽውን ፕሮጀክተር ከአንሶላው ኋላ አስቀምጠሽ ከላፕቶፕሽና ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኘሽው።

ብርሃኑ አንሶላው ላይ ሲያርፍ ዳሱ እንዴት ጸጥ እንዳለ አልነግርሽም። ጋደም ያሉት ተነሥተው ተቀመጡ። አንዱ ስልኩን አጠፋ። ሌላው ኪሱን እየዳበሰ እስክሪብቶ ፈለገ። ምክንያቱም እትዬ፣ እኛ አገር ያ ብርሃን በርቶ ስብሰባ ሳይከተል የቀረበት ጊዜ የለም። ጋሽ ፈንታውን ታውቂያቸዋለሽ፤ የቀበሌ ሊቀመንበርነቱን ከተዉት እኔ ሳልወለድ ነው፣ ሊቀመንበርነቱ ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ፊት ወንበር ተዛወሩ። ያንቺ ሳጥኖች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያሉ አንሶላውን ሞሉት። ጋሽ ፈንታው እጃቸውን አወጡ። ማንም ዕድል ሳይሰጣቸው ተነሡ።

«በመጀመሪያ ይህ መድረክ በመዘጋጀቱ አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያ ጥግ ላይ ቀይ የሆነው የትኛው ወረዳ እንደሆነ ቢብራራልን።»

ከእኛ ወገን አንድ ቀልደኛ «ወግዲ ነው» አለ።

የሙሽሪት አጎት ተነሡ። «ወግዲ ለምን ቀይ ሆነ?»

በሪፖርት ቀይ ማለት ወደ ኋላ የቀረ ማለት መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ወላሂ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት፤ ግን ነገሩ ሳቅ አልነበረም። አጎትየው እርከናቸውን ጠቀሱ፣ ችግኛቸውን ጠቀሱ፣ ሰው ጠርቶ በሰርጉ ላይ መገምገም የማን ባህል ነው አሉ። የእኛዎቹም እናንተም ሳታጣሩ አትቆጡ ይሉ ጀመር። ሙሽሪት እግሯን እያየች ነው፣ አዩብ ላብ በላብ ሆኗል፣ አባባ ደግሞ «ይህቺ ልጅ ጉድ አደረገችኝ» በሚል ዓይን አንሶላውን ያያል። እኔ ወደ ኋላ ሮጬ «ወግዲን አረንጓዴ አድርጊው» አልኩሽ። እኔ ብሆን መቶ ጥያቄ እጠይቅ ነበር። አንቺ አንዲትም አልጠየቅሽም።

እዚህ ላይ ነው ያላየሽው። ከጥጉ አንዲት ቀይ ሳጥን አረንጓዴ ሆነች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ፤ ልክ ዝናብ ካባራ በኋላ ጤፍ ማሳ ላይ ብቅ ብቅ እንደሚለው። የወግዲ ሴቶች እልል አሉ። አጎትየው ጥለቱን ሲያዩ ቆዩና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «እንዲህ ይታረም እንጂ» አሉ፣ ራሳቸው እንዳረሙት ሁሉ። ወዲያው ከማሻ የመጣው እንግዳ የእሱ ወረዳ መቅደላም እንዲታይ ጠየቀ፤ ጋሽ ፈንታው የእኛው ወረዳ ቦረና አስተናጋጅ ሆኖ ሳለ ተረስቷል ብለው ቅሬታ አቀረቡ። ለሁሉም ቀለም ሰጠሽ። ከበሮ መቺዋ እማማ ኸዲጃ ድቤውን አንሥተው መታ ሲያደርጉ ደግሞ ሳጥኖቹ ከድቤው ጋር አብረው ዘለሉ። እማማ ኸዲጃ ፈጠን ሲሉ ቀለሙ ፈጠነ፣ ቀስ ሲሉ ቀስ አለ። አንዴ ሆን ብለው ሊያጠምዱሽ እጃቸውን አየር ላይ አቆሙት፤ አንሶላውም ትንፋሹን ይዞ ጠበቃቸው። «ይሄስ ጆሮ አለው» አሉ።

እኔ በልጅነት አእምሮዬ የጠነቆልኩት ሁሉ ተሳስቶ፣ ያ የሰለቸኝ ሠንጠረዥ ሽማግሌ ሲያስጨፍር አየሁ። በዚያች ሰዓት እንዴት እንደኮራሁብሽ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ፊት ለፊት ብነግርሽ «አሁን ደግሞ ምን ፈለግሽ?» ትይኝ ነበርና።

ከዚያ ሸህ ሱፍያን ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ትዘጊዋለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን አንሶላውን ሁሉ ጥቁር አድርገሽ መሃል ላይ አንዲት ነጭ ሳጥን ብቻ ተውሽ። ሸሁ አላህ ለሙሽሮቹ ወልዶ መሳምን ይስጣቸው ሲሉ ዳሱ «አሚን» አለ፤ ነጯም ሳጥን ዙሪያዋን አንድ ረድፍ አበራች። ዕድሜ ለእናት አባት ሲሉ፣ አሚን፤ አንድ ረድፍ ደግሞ። ሸሁ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ለመፈተን ብለው «አላህ...» አሉና ቆሙ። ብርሃኑም ቆመ። «...ዝናቡን በወቅቱ ያምጣልን።» አሚን። ሰፋ።

እትዬ፣ የዚያን ቀን ዱዓ ለምን እንደረዘመ እስከ ዛሬ ገርሞሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ሸህ ሱፍያን ብርሃኑ ዳር ሲደርስ ማየት ፈልገው ነበር። ከብቱን መረቁ። ቀፎውን መረቁ። ዓረብ አገር ያሉትን ልጆች በየአገራቸው ለያይተው መረቁ። ጭቃ ውስጥ የቀረውን ባለ ቪዲዮ ከነሾፌሩ መረቁ። ጄኔሬተሩ ሲያስል ጄኔሬተሩን መረቁ። ጋሽ ፈንታው «አሚን» ሲሉ ያሰሙት ድምፅ በማኅበራቸው ቀን እንኳ ተሰምቶ አያውቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አባባ ነው። ኩርፊያውን ረስቶ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ጥቁሩ ሲያልቅ ይጠብቃል። ዳር ዳሩን የቀረችው አንዲት ረድፍ ናት። ሸሁ የሚመርቁት አጡ። ዳሱን ቃኙ፤ ሁሉም ተመርቋል። ከዚያ ዓይናቸው ከአንሶላው ሥር ወደሚታየው እግርሽ ወረደ። የሪያዱን ነጠላ ጫማሽን አድርገሽ ነበር። የመሄድሽን ነገር መካነ ሰላም ውስጥ ያልሰማ የለምና እሳቸውም ሰምተዋል።

«ከዚህ ጨርቅ ኋላ ያለችውን ልጅ» አሉ፣ «አላህ ዳግም ለባሕር ማዶ አይስጣት። የእጇን ጥበብ ባገሯ ያብላት።»

«አሚን!»

ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጮኾ ያለው አባባ ነው። የመጨረሻዋ ረድፍ በራች፤ አንሶላው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ፤ የአባባም ፊት በራ። እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ያለው ነገር ጆሮው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሄደ።

ጋሽ ፈንታው ዞረው «ሙሐሲን፣ ሰምቼሃለሁ» አሉት።

የወግዲው አጎትም «እኛም ሰምተናል» አሉ።

ሰው የፈረመውን ውል ያፈርሳል። በዳስ ሙሉ ሰው ፊት፣ በሸህ ሱፍያን ዱዓ ላይ የተባለን አሚን ግን ማን ያፈርሳል? አባባ በማግሥቱ ፓስፖርቱን አውጥቶ ያለ አንዲት ቃል ለእማማ ሰጣት። ደላላው ሲመጣ በር ላይ መለሰው። አንቺም ሄድሽ፤ ወደ ሪያድ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ። መናኸሪያ ድረስ ግን አልሸኘሽም፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን ሰላም ብሎሽ አያውቅም። ስትደውዪ ስልኩን እንደጋለ ብረት ለእማማ ያቀብላታል።

እንግዲህ ቂም ነው ወይ? የማውቀውን ልንገርሽ፣ አንቺ ፍረጂ። ሱቅ በር ላይ ሰዎች ዙሀራ የት ደረሰች ሲሉት ድሮ «ልትሄድ ነው» ይል የነበረው፣ አሁን አዲስ አበባ ሥራ ላይ ናት ይላል። ምን ሥራ ሲሉት ይቸገራል፤ ጣቶቹን አየር ላይ ያንቀሳቅስና «ስብሰባ ታሳምራለች» ይላል። ቴሌቪዥን ላይ መድረኩ በመብራት ሲርመሰመስ ደግሞ «ይሄ የእኛዋን አያክልም» ብሎ ያጉረመርማል፤ ከዚያ የሰማው ሰው እንዳለ ያያል። እኔ ሁሌ እንቅልፍ የወሰደኝ እመስላለሁ። ለእኔ ቂም አይመስለኝም። አባት ሆኖ ልጁን ሊሰዳት የነበረው ሰው፣ ልጁ የሠራችውን ከማንም በላይ ወድዶ ሲያይ በሰው ፊት ተያዘ። አሁን ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፍቶት ነው የሚመስለኝ። ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ ራሱ

ያረቢ።

«ኡምኩልሱም!»

እትዬ፣ ተያዝኩ። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም፤ አባባ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ለማን ነው አለኝ። ላንቺ መሆኑን ነገርኩት። መነጽሩን አወጣ። ስለ ጋሽ ፈንታው ያለውን አንብቦ በአፍንጫው ሳቀ፤ ወደ ታች ወረደ፤ ስለ ራሱ ያለው ጋ ሲደርስ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ደግሞ አነበበው። እኔም ክዳኑን ልዘጋ ስል እጁን ጣል አደረገበት።

«ጠጋ በይልኝ» አለ፣ «እኔም የምላት አለኝ።»

አሁን ኮቱን እየሰቀለ ነው። ቦታውን ለቅቄለታለሁ።

እህትሽ፣
ኡምኩልሱም