ከውሃ እንዳታወጪያት

ሰኞ

ፓምፑ ዛሬም እምቢ አለ። የፓምፑ የውሃ ጎማ ውስጥ ያደረው ውሃ በረዶ ሆኗል። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ሐይቅ ዳር ተንበርክኬ ከጀልባዋ ሆድ ውሃ በጆግ ስቀዳ ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ለሆሳዕና ልጅ ጀልባ ምኗ ነው? ዋና እንኳ አልችልም።

ግን ቃል ገብቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ምኩሉ፣ አያት፣ የሚላቸው ጎረቤቴ ለቀዶ ጥገና ሲገቡ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "እስክመለስ ከውሃ እንዳታወጪያት።" በገዛ እጃቸው የሠሯት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ናት።

ማክሰኞ

ብልጥ ነኝ ብዬ ጎማው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። ተሰነጠቀ። አሁን ፓምፕም የለም። በራሴ በጣም ተናድጃለሁ።

ረቡዕ

ስቀዳ ይገባል፣ ስቀዳ ይገባል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

የሐይቁ ዘበኛ ታቦ ቆሞ አየኝና ተጎታች አለ፣ ዛሬውኑ ጎትተን እናውጣት አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ እሺ ልለው ነበር። ከዚያ ሰዎች ተሰብስበው ሱቄን ሊዘርፉ የመጡ ዕለት ትዝ አለኝ። ምኩሉ የፕላስቲክ ወንበራቸውን አምጥተው የሱቄ በር ላይ ተቀመጡ፤ ሰዉ እስኪበተን አልተነሱም። ወንበሩ እስከ ዛሬ እዚያው በሩ ላይ ነው።

ታቦን ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

ሐሙስ

ሆስፒታል ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች፤ ደክመዋል ብላ አቀበለቻቸው። ውሃ እየገባ መሆኑን ደብቄያቸው ነበር፤ ዛሬ ነገርኳቸው። የዚህ አገር የክረምት አየር ደረቅ ነው፣ ከወጣች እንጨቷ ይሰነጣጠቃል አሉኝ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ስልኩን ስዘጋ አባቴ ትዝ አለኝ። የመቆፈሪያው እጀታ ሲላላበት ውሃ ውስጥ ይነክረው ነበር፤ እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል። ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። አዎ፣ ከውሃ በላይ ያለው ጎኗ በፀሐይ ደርቆ በሳንቃዎቹ መሃል ክፍተት ይታያል። ነፋስ ሲነሳ ውሃው የሚገባው በዚያ ነው። የድንች ጆንያ አርጥቤ አለበስኳት።

ታቦ ሳቀብኝ። "ሲሲ፣ እህቴ፣ ጀልባም ይበርዳታል እንዴ?"

ቅዳሜ

ትናንት አልጻፍኩም፣ ጉሮሮዬን አሞኛል። ጆንያው ጠዋት ጠዋት እንደ ቁርበት ደርቆ ነው የማገኘው። መልሼ እነክረዋለሁ። ጎማ መግዛት። ዝንጅብል።

ዛሬ የቀዳሁት ሁለት ጆግ ብቻ! ብቻዬን ሳቅሁ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልጃቸው ደወለች። ነገ ይወጣሉ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ክንዳቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ከእንግዲህ ሸራ መሳብ የለም አለች። አንቺም ደክሞሻል፣ ከፈለግሽ አውጪያት አለችኝ።

በጣም ደክሞኛል። አለቀስኩም።

"መጀመሪያ ይምጡና ይዩዋት" አልኳት።

ከሰዓት ወንበራቸውን ከሱቄ በር አንስቼ ወደ ሐይቁ ወሰድኩት። ከጀልባዋ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አስቀመጥኩትና ታቦን አደራ አልኩት። ይቀመጡበት እንደሆነ እንጃ።

ጆንያውን አርጥቤ ተመለስኩ።